ባለ 6 አንቴናው ራውተር ጓሮ ድረስ ይደርሳል ወይ?

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ማርቆስ ነው። ጠያቂው ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ከደብዳቤያቸው ዋናው ዋናው ይህ ነው፦

«ልጄ፣ ሳሎኔ ድረስ የ10 ሜጋ ፋይበር ገብቶልኛል። ሳሎን ቁጭ ብዬ ስከፍተው ይበራል። ጓሮ ያለው ሰርቪስ ቤት ግን የመጨረሻዋ ልጄና ሁለት ተከራዮች አሉ። እነሱ ጋ ዋይፋዩ ሁለት ጭረት ያሳያል፤ ቪዲዮ ግን አይከፍትም። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሆነብን። ባሕር ዳር ስሄድ ሁለት ራውተር አየሁ። አንዱ ባለ 4 አንቴና ሆኖ 1200 ተጽፎበታል። ሌላው ባለ 6 አንቴና፣ ዋይፋይ 6፣ 3000 የሚል ነው፤ ዋጋው ከእጥፍ ይበልጣል። ሻጩ ‹ይሄ 300 ሜትር ይሄዳል› አለኝ። ከሳሎን እስከ ሰርቪስ ቤቱ በእርምጃ ስለካው 20 ሜትር ቢሆን ነው። መሀል ላይ ሁለት የብሎኬት ግድግዳ አለ። ሰርቪሱ ራሱ የጭቃ ቤት ነው፤ በሩ ላሜራ። የቱን ልግዛ?»

ጋሼ፣ መልሱን አስቀድሜ ልንገርዎት፤ ምክንያቱን ቀስ ብለን እንጫወተዋለን። የ3000ውን ይተዉት። 1200ውም ቢሆን ሳሎን ውስጥ ከተቀመጠ ሰርቪስ ቤቱን አያድነውም። ለእርስዎ ግቢ የሚያስፈልገው ኬብልና አንዲት ተራ ራውተር ነው።

ሻጩን ግን ዋሸ አልለውም። 300 ሜትር የሚለው ሜዳ ላይ እውነት ሊሆን ይችላል። ራውተሩን ጤፍ ማሳ መሀል እንጨት ላይ ሰቅለው 300 ሜትር ቢርቁ፣ የዋይፋዩ ስም ስልክዎ ላይ ብቅ ሊል ይችላል። ስሙ ታየ ማለት ግን ሠራ ማለት አይደለም። ዋይፋይ የሁለት ወገን ወሬ ነው። ራውተሩ ይናገራል፣ ስልኩ ይመልሳል። የስልኩ ጉልበት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከራውተሩ ያንሳል፤ ባትሪው ትንሽ፣ አንቴናው ከጣት ያጠረ ነው። ከገደል ማዶ ሆኖ ጡሩንባ የሚነፋ ሰው ይሰማዎታል። እርስዎ በአፍዎ ቢመልሱለት ግን እሱ እርስዎን አይሰማም። እና ባለ 6 አንቴናው የጡሩንባውን ድምፅ ቢጨምርልዎት እንኳ የልጅዎ ስልክ ያው ስልክ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ሎጋሪዝም ሲያስተምሩ ስለኖሩ አልፈራም።

የዋይፋይ ጉልበት በዴሲቤል ይቆጠራል። 10 ዴሲቤል ቢቀንስ ጉልበቱ ወደ አንድ አሥረኛ ወረደ ማለት ነው። 3 ቢቀንስ ግማሽ ሆነ። ክፍት ቦታ ላይ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ይቀንሳል። ስልክ ላይ የሚነበበው ቁጥር ከዜሮ በታች ነው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ይሻላል። ራውተሩ ያለበት ክፍል ውስጥ ከ-35 እስከ -45 ያገኛሉ። የቪዲዮ ጥሪ ሳይቆራረጥ እንዲሄድ -67 አካባቢ ያስፈልጋል፤ በሙያው የተለመደ መለኪያ ነው። -80 ላይ ስሙ ይታያል፣ ሥራ ግን የለም።

እና የእርስዎን ግቢ እንቁጠረው። ራውተሩ 100 ሚሊዋት ይልካል እንበል፤ በዚህ ቋንቋ +20 ነው። ብዙ ራውተሮች በሁለት ሞገድ ይሠራሉ፤ በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ። በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ የመጀመሪያው 10 ሜትር አየር ብቻውን 60 ይበላል። -40 ቀረ። 20 ሜትር ሲሞላ ሌላ 6 ይሄዳል፤ -46። ሁለቱ ብሎኬቶች ስምንት ስምንት ይውሰዱ፤ -62። የጭቃው ግድግዳ 10 ይውሰድ፤ -72። የግድግዳዎቹ ቁጥር የኔ የሥራ ግምት ነው፤ እንደ ውፍረታቸው ከፍና ዝቅ ይላል። ስልኩ ሲመልስ በ6 ዴሲቤል ደከም ካለ ደግሞ ሳሎን የሚደርሰው -78 ነው። ሁለት ጭረት ያሳያል ቪዲዮ ግን አይከፍትም ያሉኝ እንግዲህ ይሄ ነው። ሲግናሉ ይሄዳል፤ ሲደርስ ግን ደክሞ ነው።

በ5 ጊጋኸርዝ ሞገድ ከሆነ ይብሳል። በዚያው ርቀት ከ6 እስከ 7 ዴሲቤል ተጨማሪ ይጠፋል፤ ግድግዳዎቹም ከ2.4 የበለጠ ይበሉታል። ስንደምረው ከ-85 ያልፋል። እዚህ ጋ ነው ገበያው ሰውን የሚያሞኘው። ካርቶኑ ላይ ያለው ትልቅ ቁጥር በአብዛኛው የመጣው ከዚሁ ጓሮ ከማይደርሰው ሞገድ ነው።

1200 የሚለውን እንፍታው። በ2.4 ላይ 300 ሜጋ፣ በ5 ላይ 867 ሜጋ፤ ይደመርና ይጠጋጋል፣ 1200 ይባላል። 3000 የሚለው ደግሞ 574 እና 2402 ነው። አንድ ስልክ በተለመደው አሠራር በአንድ ጊዜ ከአንዱ ሞገድ ጋር ነው የሚገናኘው፤ ስለዚህ ድምሩን የሚያገኝ ስልክ የለም። ከተጻፈው ቁጥር ደግሞ በተግባር ግማሽ ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ቢያገኙ ነው፤ ሌላው በምልልስና በመጠባበቅ ያልቃል። ብዙ ርካሽ ስልኮች በ2.4 ብቻ፣ በአንድ አንቴና ነው የሚሠሩት። እነሱ ከ3000ው ራውተር ጋርም ቢገናኙ ጣሪያቸው 72 ሜጋ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን መስመርዎ 10 ሜጋ ነው። ቦኖው ቀጭን ከሆነ በርሜል ማስፋት ውሃ አይጨምርም። 10 ሜጋቢት በሰከንድ 1.25 ሜጋባይት ነው፤ አንድ ጊጋባይት ፊልም ለማውረድ 13 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ይሄን ለማስተናገድ በ2009 (እ.ኤ.አ.) የጸደቀው የቀድሞው ትውልድ፣ ዋይፋይ 4 እንኳ ተርፎ ይተርፋል። ዋይፋይ 6 ጥሩ ነገር ነው፤ አልክድም። ብዙ ስልክ በአንድ ጊዜ ሲሻማ ተራ ማስያዝ ይችልበታል። ግን አዲስ ስልክ ይፈልጋል፣ ፈጣን መስመር ይፈልጋል። ግድግዳ የሚበሳ መርፌ የለውም።

አንቴናው 6 መሆኑስ? ሰዎች እንደ ጅራፍ ያዩታል፤ በበዛ ቁጥር የሚመታ። ብዙ ጊዜ አንቴናዎቹ ለሁለቱ ሞገዶች ተከፋፍለው ነው የሚሠሩት። የ1200ው አራት ከሆኑ ሁለቱ ለ2.4፣ ሁለቱ ለ5 ናቸው። የ2.4 ጉልበት ደግሞ በብዙ አገር በሕግ የተገደበ ነው፤ አውሮፓ ውስጥ 100 ሚሊዋት ነው። ውዱም ርካሹም የሚመረተው ያንኑ ዓይነት ገደብ እያየ ነው።

«5 ዲቢአይ፣ 9 ዲቢአይ» ተብሎ የሚጻፈው የአንቴና መለኪያም ብዙ ሰው ያሳስታል። አንቴና ጉልበት አይፈጥርም። ያለውን ሊጥ ነው የሚዳምጠው። ድፎ ዳቦ ወፍራም ነው፣ ግን አይሰፋም። ያንኑ ሊጥ በስሱ ቢዳምጡት ሰፊ ቂጣ ይሆናል፤ ውፍረቱ ግን ይጠፋል። ዲቢአይ ሲጨምር ሞገዱ ወደ ጎን ይሰፋል፣ ወደ ላይና ወደ ታች ይሳሳል። የእርስዎ ግቢ ምድር ቤት ብቻ ስለሆነ አንቴናዎቹ ቀጥ ብለው ይቁሙ። ጂ ፕላስ ዋን ያለው ሰው አንዱን ያጋድመው።

ስለ ግድግዳ ትንሽ ልቆይ። ገመድ ተሸክሜ ከቤት ቤት ስዞር ከራውተር ጋር ከምታገለው ይልቅ ከግድግዳ ጋር የምታገለው ይበዛልና።

እንጨትና ቺፑድ ቀላል ናቸው። ብሎኬት መካከለኛ ነው። ፌሮ የገባበት ኮንክሪትና ሶሌታ ከባድ ነው። ጭቃ ቤትን ሰው ይንቀዋል፤ «ጭቃ ምን ያግዳል?» ይላል። ጭቃው ግን ወፍራም ነው፣ ከጭዱ ጋር ሆኖ እርጥበት ይይዛል፤ ውሃ ደግሞ ሞገድ ይውጣል። «ሚያዝያ ላይ ይሠራ ነበር፣ ነሐሴ ላይ ምን ነካው?» ብለው የሚጠሩኝ አሉ። ነሐሴ ላይ ግድግዳው ውሃ ጠጥቶ ነዋ! ስለዚህ የእርስዎን ልኬት አሁን ደህና ሆኖ ቢያገኙት እንኳ ለክረምቱ ትንሽ ትርፍ ይያዙለት።

ላሜራ ደግሞ ሌላ ነው። ብረት ሞገድን አያሳልፍም፣ ይመልሰዋል። ሰርቪስ ቤትዎ ውስጥ የሚገባው ሲግናል በበሩ ጠርዝ፣ በመስኮቱ መስታወት፣ በጣሪያና በግድግዳ መሀል ባለ ክፍተት ሾልኮ ነው። ልጅዎ በሩን ገርበብ ስታደርገው ተሻሽሎ፣ ስትዘጋው ከጠፋ ምስጢሩ እሱ ነው። የቆርቆሮ አጥርና ውሃ የሞላ ሮቶም መሀል ላይ ከገቡ እንደዚያው ናቸው።

አንድ ጊዜ ፍኖተ ሰላም አንድ ቤት ተጠራሁ። «ራውተሩ ተበላሽቷል፣ አዲስ አምጣልን» ነው የተባልኩት። ገባሁ። ራውተሩ ቡፌ ውስጥ ነው። ከፊቱ የሻይ ብርጭቆ ተደርድሯል። ከኋላው የቡፌው መልክ ማያ መስታወት አለ። በላዩ ነጭ ዳንቴል ለብሷል። የቤቱ እመቤት «አቧራ እንዳይገባበት ብዬ ነው» አሉኝ። ዳንቴል ሲግናል አይከለክልም፤ አየር ነው የሚከለክለው፣ ሳጥኑ ግሎ ነበር። ዋናው ጥፋተኛ መስታወቱ ነው። የመስታወት ጀርባ የብረት ቅብ አለው፤ መኝታ ቤቶቹ ደግሞ በዚያው ወገን ናቸው። አውጥቼ ከሰው ቁመት ከፍ አድርጌ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት። መኝታ ቤት ቪዲዮ ተከፈተ። አዲስ ዕቃ አልሸጥኩም፤ ቡና ግን እስከ በረካው ጠጥቻለሁ።

የእርስዎስ ሳጥን፣ ፋይበሩ የገባበት ራውተር፣ የት ነው ያለው? ደብዳቤዎ ላይ አልጻፉልኝም። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ከሆነ መጀመሪያ ከዚያ ይውጣ። ሲያነሱት ቀጭኗን የፋይበር ገመድ አይጎትቷት፣ አያጥፏትም። ውስጧ ብርጭቆ ነው፤ ከታጠፈች ትሰበራለች።

አሁን ይለኩ። አንድሮይድ ስልክ ላይ «ዋይፋይ አናላይዘር» የሚባል መተግበሪያ ያውርዱ፤ በነፃ የሚገኙ አሉ። ወረቀትና እስክሪብቶ ይያዙ። ሳሎን፣ የጓሮ በር፣ ግቢው መሀል፣ ሰርቪስ ቤት በሩ ተከፍቶ፣ ሰርቪስ ቤት በሩ ተዘግቶ። በየቦታው ሦስት ጊዜ ያንብቡና የመሀለኛውን ቁጥር ይጻፉ። ስልኩ ሁልጊዜ ያው ስልክ ይሁን፤ አያያዝዎም አይለዋወጥ። እጅም ሞገድ ይሸፍናል። ከዚያ ሳሎንና ሰርቪስ ቤት ላይ የፍጥነት ሙከራ ያድርጉ፤ አንዴ ጠዋት 1 ሰዓት፣ አንዴ ማታ 2 ሰዓት።

ሳሎን 10 ሜጋ እያሳየ ሰርቪስ ቤት 1 ካሳየ ችግሩ ሲግናል ነው። ማታ ማታ ሳሎንም ራሱ ከወረደ ግን ችግሩ ሌላ ነው። ወይ መስመሩ ተጨናንቋል፣ ወይ ተከራዮቹ ፊልም እያወረዱ ነው። ያኔ የሚያዋጣው ፓኬጁን ከፍ ማድረግ ወይም ለእያንዳንዱ ስልክ ልክ መወሰን ነው። ራውተር መቀየር ለዚህ መድኃኒት አይሆንም።

እግረ መንገዴን፦ ሰው ሁለት ራውተር ሲያወዳድር የሚሠራው ስሕተት አለ። ሁለቱንም በ10 ሜጋ መስመር ላይ ሰክቶ የፍጥነት ሙከራ ያደርጋል። ሁለቱም 10 ያሳያሉ። «እኩል ናቸው» ይላል። የለካው እኮ መስመሩን ነው! ራውተሩን መለካት የፈለገ ላፕቶፕ በኬብል ራውተሩ ላይ ይሰካ፤ ከላፕቶፑ ወደ ስልኩ በዋይፋይ አንድ ትልቅ ፋይል ይገልብጥ፤ በሰዓት ይያዘው። አንዱ ጊጋባይት በ80 ሰከንድ ካለቀ 100 ሜጋ እያስተናገደ ነው። ከዚያ ሌላኛውን ራውተር እዚያው መደርደሪያ ላይ፣ የመጀመሪያውን አጥፍቶ ይሞክር። ቦታው በአንድ ክንድ ቢለያይ እንኳ ቁጥሩ ይቀየራል።

የኬብል መሰኪያውንም ይዩ። 1200 የተጻፈባቸው ሁሉ አንድ አይደሉም። ለምሳሌ የቲፒ ሊንክ አርቸር ሲ50 እና ሲ6 ሁለቱም 1200 ናቸው። የሲ50 መሰኪያ ግን 100 ሜጋ ነው፤ የሲ6 ጊጋቢት፣ ማለትም 1000 ሜጋ ነው። ለ10 ሜጋ መስመር ለውጥ የለውም። 200 ሜጋ ለሚያስገባ ሰው ግን ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው፤ ካርቶኑ ፊት ላይ ግን በትልቁ ተጽፎ አያገኙትም።

ወደ መፍትሔው። ከሳሎኑ ሳጥን እስከ ሰርቪስ ቤቱ የኔትወርክ ኬብል ይዘርጉ። ካት 5ኢ ወይም ካት 6 ይበቃል። ደረጃው እስከ 100 ሜትር ስለሚፈቅድ የእርስዎ ርቀት ምንም ማለት አይደለም። ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ 300 የተጻፈባት አንዲት ተራ ራውተር ያስቀምጡ። «አክሰስ ፖይንት» (በኬብል የመጣላትን በዋይፋይ ብቻ የምታከፋፍልበት) የሚል ምርጫ ካላት እሱን ይምረጡ። ከሌላት ዲኤችሲፒ የሚለውን (ለስልኮች አድራሻ የሚያድለውን) ያጥፉና አድራሻዋ ከሳሎኑ ሳጥን ጋር እንዳይጋጭ ይቀይሩት፤ ከዚያ ኬብሉን ዋን በሚለው ሳይሆን ላን በሚለው ቀዳዳ ይሰኩ። የዋይፋዩ ስምና ፓስወርድ ከሳሎኑ ጋር አንድ ይሁን። ቻናሉ ግን ይለያይ፤ ሳሎኑ 1 ከሆነ ይቺ 6 ወይም 11 ትሁን። በ2.4 ላይ እርስ በርስ የማይረባበሹት እነዚህ ሦስቱ ናቸው። ልጅዎ ጋ ከ-72 ወደ -40ዎቹ ሲገባ ያዩታል።

ኬብሉን ሲገዙ ግን ይጠንቀቁ። ገበያ ላይ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ሞልቷል። ጫፉን ይላጡና አንዷን ሽቦ በቢላዋ ፋቅ ያድርጓት። ውስጧ ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም ነው፤ ቶሎ ይሰበራል። ቀይ እንደሆነ ከቀጠለ ይግዙ። በአየር ላይ አንጠልጥለው ከልብስ ማስጫው ጋር አያስኪዱት፤ ፀሐይ ልባሱን ታሰነጣጥቀዋለች፣ ማርቆስ ደግሞ በክረምት መብረቅ አያጣም። በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አድርገው ይቅበሩት። ከመብራት መስመሩም ይራቅ። ነጎድጓድ ሲጀምር ከሁለቱም ጫፍ መንቀል ጥሩ ልማድ ነው።

ኬብል መዘርጋት ካልሆነልዎት ሪፒተር፣ ሲግናሉን ተቀብሎ መልሶ የሚያሰራጭ ዕቃ፣ አለ። ብዙ ሰው ግን ሪፒተሩን ሲግናል በሞተበት ቦታ ይሰካዋል። የሞተ ነገር ቢደገም ያው ሞት ነው። የጓሮ በር ላይ ከ-60 እስከ -65 በሚያነቡበት ቦታ ይሰኩት። ባለ አንድ ሞገድ ሪፒተር ፍጥነቱን በግማሽ ይቀንሳል፤ በእርስዎ መስመር ግን ያ ብዙም አይጎዳም።

ይሄ ሁሉ ምክር ግን ለእርስዎ ግቢ ነው። ባሕር ዳር ኮንዶሚኒየም ያለ ሰው ቢጠይቀኝ የተገላቢጦሽ ነው የምመልሰው። እዚያ ችግሩ ርቀት አይደለም፤ ጎረቤት ነው። ስልኩን ሲከፍት ሃያ የዋይፋይ ስም ይቀበለዋል፣ ሁሉም በ2.4 ላይ ይጋፋል። እሱ 5 ጊጋኸርዝ ያለው ይግዛ። እርስዎን የጎዳዎት ግድግዳ እሱን ይጠቅመዋል፤ የጎረቤቱን ጫጫታ ያስቀርለታል። የ3000ውም ቦታ አለው፦ 100 ሜጋና ከዚያ በላይ መስመር፣ አዳዲስ ስልኮች፣ በአንድ ቤት ብዙ ሰው።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። «ኢንተርኔቱ ማክሰኞና ዓርብ ይጠፋል» ያለኝ ሰው ነበር፤ ዳንግላ። ሳቅሁበት። ኋላ ሳጣራ ማክሰኞና ዓርብ እንጀራ የሚጋገርበት ቀን ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። ምጣዱ ሲበራ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ራውተሩ ጠፍቶ ይነሳል። ምጣድ ዋይፋይ አይረብሽም፤ መብራቱን ነው የሚረብሸው። ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ምጣድ ካለ አዲሷን ራውተር በዚያው ሶኬት ላይ አይሰኩ። ባለ 12 ቮልት ትንሽ ዩፒኤስ (መጠባበቂያ ባትሪ) ቢያስገቡላት ደግሞ መብራት ሲሄድም ትሠራለች። ለሳሎኑ ሳጥንም ሌላ ያስፈልጋል፤ አንዱ ከጠፋ ሌላው ብቻውን ዋጋ የለውም። ከመግዛትዎ በፊት ቻርጀሩ ላይ የተጻፈውን ቮልትና አምፔር ያመሳክሩ።

20 ሜትር ያሉኝ በእርምጃ ነው። ኬብል ግን በግድግዳው ጥግ ዞሮ፣ በበሩ ላይ ወጥቶ፣ ጉድጓድ ወርዶ ነው የሚሄደው። ገበያ ከመሄድዎ በፊት በመንገዱ ልክ ሲባጎ ዘርግተው በሜትር ይለኩትና 3 ሜትር ይጨምሩበት።